የዱሩንና የአትክልቱን ካሌንዱላ ስለ መለየት

ከጥር ወር እስከ ትንሣኤ ባለው ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ተሳላሚ፥ በደብረ ዘይት ተዳፋት፥ በወይራ ዛፎች ሥር፥ ወደ ዓይን ካሪም በሚወርደውም መንገድ ዳር ወርቅ የመሰለ ትንሽ አበባ ፈክቶ ባየ ጊዜ፥ «አደይ አበባ እዚህም ይበቅላል ወይ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከተሳላሚዎችም አንዳንዶቹ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የካሌንዱላ ቅባት ከዚህ አበባ የሚወጣ መስሏቸው፥ በመሐረብ ሙሉ እየለቀሙ አድርቀው ወደ አገር ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፤ እንደ ሻይ አፍልተው የሚጠጡትም አሉ። ነገር ግን በዚያው ሜዳ፥ በዚያው ወር አብረውት የሚያብቡ ሌሎች ቢጫ አበቦች ስላሉና ከእነዚህም አንዱ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ስላለበት፥ አበባውን ከነስሙ ለይቶ ማወቅ ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ለጤናም የሚያስፈልግ ነው። በማባዣ ማሽን በሚታተም መጽሔት ባለ ቀለም ሥዕል ማውጣት ስለማይቻል፥ ሥዕሉን በቃል ለመሣል እንሞክራለን።

አስቀድመን ለተሳላሚው ጥያቄ መልስ እንስጥ። አበባው አደይ አይደለም። አደይ በአገራችን የክረምቱ ዝናም ሲያባራ በመስከረም የሚፈነዳ ሲሆን፥ የዚህ አገር ዝናም ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚዘንም ምድሪቱ አበባዋን የምታወጣው በበጋችን ወራት ነው። ሁለቱን የሚያቀራርባቸው ቀለማቸው ብቻ ሳይሆን ነገዳቸው ነው፤ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት አስቴራሴይ በሚሉት፥ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች ባሉበት ታላቅ ነገድ ውስጥ ሁለቱም ይቈጠራሉ። ኑግና ሱፍም ከዚሁ ነገድ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ይለያያሉ፤ አደይ በልብስ ላይ ለሚጣበቀው ለጭጎጎት የቅርብ ዘመድ ነው፥ የኢየሩሳሌሙ አበባ ግን ካሌንዱላ ከሚባለው ወገን ነው።

ስሙን ለሚመረምር ሰው ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። «ካሌንዱላ» የሚለው ቃል ሮማውያን የወሩን መጀመሪያ ቀን ከሚጠሩበት «ካሌንዴ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በየወሩ መባቻ ሲያብብ ስለሚገኝ ነው ይላሉ፤ አንድም፥ በማለዳ ተከፍቶ ሲመሽ ስለሚዘጋ ጊዜን እንደሚያመለክት ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ተቈጥሮ ነው ይላሉ። የአትክልቱን ዓይነት የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ካሌንዱላ ኦፊሲናሊስ ብሎ መዘገበው። ኦፊሲና ማለት በላቲን የሥራ ቤት ነው፤ በምዕራባውያን ገዳማት ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉና መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና፥ ኦፊሲናሊስ የተባለ ተክል ሁሉ «የመድኃኒት ቤቱ» ማለት ነው። የዱሩ ዓይነት ግን ካሌንዱላ አርቬንሲስ ይባላል፤ ይህም «የእርሻው» ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ከዕቃ ቤት፥ ሁለተኛው ከእርሻ መሆናቸውን ስማቸው አስቀድሞ ተናግሮታል።

እንግሊዞች ካሌንዱላን ማሪጎልድ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የማርያም ወርቅ ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ ይህን ስም ከሜክሲኮ ለመጣው ታጌቴስ ለሚባለው የአትክልት አበባም ሰጡት፤ በስንዴ እርሻ ውስጥ ለሚበቅል ሌላ ቢጫ አበባም «የእህል ማሪጎልድ» ብለው አወረሱት። በዐረብኛም ኡቅሑዋን የሚለው ስም ካሌንዱላንም ሌሎች ዘመዶቹንም ይጠራል። ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ብዙ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ስም ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ሰው ያልጠየቀውን ይዞ ቢመለስ አያስደንቅም። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚሻለው የዕብራይስጡ ስም ነው፤ ጺፖርኔ ሐቱል፥ ማለት የድመት ጥፍሮች፥ ይሉታል። ለምን እንዲህ እንዳሉት ስለ ፍሬው ስንናገር ይታወቃል።

አሁን አንድ አበባ ቀጥፈህ በእጅህ ያዝ። አንድ አበባ የሚመስልህ በውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። በዙሪያው ተዘርግተው የሚታዩት ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ልሳኖች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ ጫፋቸውንም ብታስተውል ሦስት ጥቃቅን ጥርሶች ታገኛለህ። በመካከል የተሰበሰቡት ነጠብጣብ የመሰሉት ደግሞ እንደ ቱቦ የሆኑ ሌሎች አበቦች ናቸው። በካሌንዱላ ወገን ሥራቸው የተከፈለ ነው፤ የመካከሎቹ የአበባ ዱቄት ይሰጣሉ እንጂ ፍሬ አያፈሩም፥ ፍሬ የሚያፈሩት የዙሪያዎቹ ብቻ ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በመካከሉ ፍሬ እየፈለገ ይደክማል።

የዱሩ ካሌንዱላ ዓመታዊ ተክል ነው፤ በዝናሙ በቅሎ፥ በፀደይ አፍርቶ፥ ሐሩሩ ሲመጣ ይደርቃል። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፥ ከሥሩ ጀምሮ ቀጫጭን ቅርንጫፎች እያወጣ በምድር ላይ ይንሰራፋል። ቅጠሉ ጠባብ፥ አበባውም ከዳር እስከ ዳር ሲለካ እንደ ደንቡ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነው። የአትክልቱ ካሌንዱላ ግን ወፍራም አገዳ አለው፤ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል፥ ቅጠሉ ከ7 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና ወደ ጫፉ ሰፋ የሚል ነው፥ አበባውም ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በአትክልት ቦታ ለብዙ ዘመን ሲመረጥ ስለ ኖረ መካከሉ ሁሉ ወደ ልሳን ተለውጦ ድርብርብ የሆነም አለ። በዱሩ ላይ ግን ልሳኖቹ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ድርብርብ የሆነ ካሌንዱላ በመንገድ ዳር ካገኘህ ከአጥር ውስጥ ያመለጠ ነው በል።

የአትክልቱን ካሌንዱላ በተመለከተ ሊቃውንትን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ፤ የራሱ የሆነ የዱር አገር አልተገኘለትም። ያለው በአትክልት ቦታ ወይም ከአትክልት ቦታ አምልጦ ነው። ሁለቱን በረቂቁ ነገራቸው የመረመሩ ሰዎች ደግሞ፥ በየሕዋሳቸው ውስጥ የዘር ባሕርይን የሚሸከሙት ክሮሞሶሞች ቍጥር በአትክልቱ 32፥ በዱሩ 44 መሆኑን አግኝተዋል። ስለዚህ የአትክልቱ ዓይነት ይህ በየመንገዱ የምናየው ትንሽ አበባ በውኃና በፍግ ብዛት አድጎ የተገኘ አይደለም፤ ትንሹም አበባ ቢኰተኩቱትና ቢያጠጡት ኦፊሲናሊስ አይሆንም።

ስለ ልክ የተናገርነው ሁሉ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። የአትክልቱ ዓይነት በግንብ ስንጥቅ ውስጥ በጥማት ሲያድግ ትንሽ ይሆናል፤ የዱሩም ከቧንቧ ውኃ አጠገብ ሲበቅል ይወፍራል። በዚህ አገር ደግሞ በፍልስጥኤም ስም የተሰየመ ሌላ የዱር ካሌንዱላ ስላለ፥ ዱር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይቻልም። ስለ ቀለምም ቢሆን ብርቱካንማው የአትክልት፥ ቢጫው የዱር ነው የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም፤ ሁለቱም በሁለቱም ቀለም ይገኛሉ። ስለዚህ አበባውን ከፊቱ ተመልክቶ ከመፍረድ ይልቅ ገልብጦ ከጀርባው ማየት ይገባል። ከጀርባው አበባውን የሚያቅፉ ጠባብ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ። የአንዱን ልሳን ርዝመት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር አስተያይ። ልሳኑ የአረንጓዴውን ቅጠል ርዝመት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የአትክልቱ ነው፤ እጥፍ የማይሞላ ከሆነ የዱሩ አርቬንሲስ ነው። ተክሉ ቢጠማም ቢጠግብም ይህ ንጽጽር እንደ ቁመቱ በቀላሉ አይለዋወጥም።

ከዚህም የሚበልጠው ምስክር ፍሬው ነው። የዱሩ ካሌንዱላ አበባ ሲረግፍ ራሱን ወደ ምድር ያዘነብላል፤ ከዚያም በዙሪያው ሰው ዘር የሚላቸው ፍሬዎች ይታያሉ። የሚያስደንቀው በአንድ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች መልካቸው አንድ አለመሆኑ ነው። ከሁሉ ውጭ ያሉት ረዣዥም፥ እንደ ወፍ መንቈር የሾሉ፥ በጀርባቸው እሾህ መሰል ሻካራ ነገር ያለባቸው ናቸው፤ በበግ ጠጕርና በመንገደኛ ልብስ ተይዘው ሩቅ ይሄዳሉ። ቀጥለው ያሉት ጐናቸው እንደ ክንፍ ሰፍቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ታንኳ ይመስላሉ፤ ቀላል ስለሆኑም ነፋስ ይወስዳቸዋል። የውስጦቹ ግን ትናንሾች፥ እንደ ትል ተጠቅልለው ቀለበት የሠሩ ናቸው፤ እነርሱ ከእናታቸው ሥር ወድቀው በዚያው ይበቅላሉ። አንዲት ተክል ልጆችዋን ከፊሉን በመንገደኛ፥ ከፊሉን በነፋስ ሰድዳ ከፊሉን በቤት ታስቀራለች ማለት ነው። ከመንቈረኞቹና ከቀለበቶቹ ጥምዝነት የተነሣ የዚህ አገር ሰዎች የድመት ጥፍሮች አሏት። ስሙን ያወጣው ሰው አበባውን ትቶ ፍሬውን ማየቱ እኔን ደስ ይለኛል።

የአትክልቱ ካሌንዱላ ፍሬም የተጠማዘዘ ነው፤ በታንኳና በቀለበት መልክ ይገኛል። በመንቈር የሾለው ረጅሙ ፍሬ ግን በእርሱ ላይ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በአንድ ራስ ላይ ረጃጅም መንቈር ያላቸው ፍሬዎች ተዘርግተው ካየህ ከዱር ነው በል። ለትንሣኤ የሚመጡ ተሳላሚዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ለጥምቀት የመጡት አበባውን ብቻ ሲያዩ፥ እነርሱ አበባና የደረሰ ፍሬ በአንድ ተክል ላይ ያገኛሉና።

አሁን ስለ መርዘኛው እንናገር። በዚህ አገር ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በሜዳው ሁሉ የሚያብብ ሴኔሲዮ ቬርናሊስ የሚባል ቢጫ አበባ አለ። ከሩቅ ለሚያየው ከዱሩ ካሌንዱላ ጋር አንድ ነው፤ ቁመቱም ልኩም ይቀራረባል። ነገር ግን ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ መርዞች አሉበት። እነዚህም የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ጥቂት በጥቂት ይከማቻል። ማድረቅም ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። በሻይ ስም የሚጠጣው ሰው ሕመሙ ከየት እንደ መጣ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘለግ አድርገን መናገር ይገባናል።

ሴኔሲዮ ማለት ሽማግሌ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ዕብራይስጡም ሳቭዮን ሲለው አያት ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመድ ነው። ምክንያቱም አበባው ሲያልፍ ራሱ በነጭ ጠጕር ስለሚሸፈን ነው። ያንን ነጭ ጠጕር እፍ ብትለው ፍሬውን ይዞ ይበራል። ካሌንዱላ ግን ፍሬው ላይ አንዳች ጠጕር የለውም። አበባው ገና ትኵስ ከሆነና ሽበቱ ካልታየ፥ አንዱን ራስ በጥፍርህ ሰንጥቀህ ውስጡን እይ፤ በሴኔሲዮ በጥቃቅኖቹ አበቦች መካከል ነጫጭ ጠጕሮች ከወዲሁ ተሰግስገው ታገኛለህ። ቅጠሉም ይለያል፤ የሴኔሲዮ ቅጠል ዳሩ እየተቈረጠ ገባ ወጣ ያለና የተጨማደደ ነው፥ የካሌንዱላ ግን ያልተከፋፈለ፥ ሲነካ ትንሽ የሚያጣብቅና የሚሸት ነው። ከጀርባውም ሴኔሲዮ እንደ በርሜል የተገጠሙ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉት፤ ከእነርሱም ግርጌ ጫፋቸው የጠቈረ ትናንሽ ቅጠሎች ይታያሉ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ካጠራጠረህ አትልቀም።

ሌሎቹ ያን ያህል አያሳስቱም። በመጋቢትና በሚያዝያ ወገብ ድረስ ቆሞ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው፥ ቅጠሉ እንደ ድንብላል ቅጠል የተቈራረጠው፥ ግሌቢዮኒስ ኮሮናሪያ የሚባለው ነው፤ ለጋ ቅጠሉን የሚበሉት አገሮች አሉ። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣ ቢጫ አበባም ካሌንዱላ አይደለም።

ከሜክሲኮ ወደ ተገኘው ታጌቴስ እንምጣ። እስፓንያውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ አመጡት፤ ከዚያ ወዲያ አንዱን ዓይነት «የፈረንሣይ»፥ ሌላውን «የአፍሪካ» ብለው ሰየሙት፤ ሁለቱም ከሜክሲኮ ሲሆኑ ማለት ነው። በህንድ አገር በጉንጕን ተሠርቶ በየበዓሉ የሚታየው ብርቱካንማ አበባ ይኸው ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በእርሻ ዳር ሁለት ሜትር እስኪደርስ የሚረዝም፥ አበባው ደቃቅና ገርጣ ያለ፥ ሽታው ኀይለኛ የሆነ የአረም ዘመድ አለው፤ እርሱም ታጌቴስ ሚኑታ ሲባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው።

ታጌቴስን ከካሌንዱላ ለመለየት ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ይበቃል። የታጌቴስ ቅጠል እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው፤ በውስጡም ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን የዘይት ነጥቦች ይታያሉ፥ ያ ኀይለኛ ሽታ ከእነርሱ የሚመጣ ነው። ከአበባው በታች ያሉት አረንጓዴ ቅጠሎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ጽዋ ሆነዋል፤ በካሌንዱላ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው። ፍሬውም ጥምዝ ሳይሆን እንደ መርፌ ቀጥ ያለ ጥቁር ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው፥ ቅባት ለመሥራት ብሎ ታጌቴስን በዘይት የዘፈዘፈ ሰው ቆዳውን ሊጎዳ ስለሚችል ነው፤ የታጌቴስ ዘይት በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል።

ስለ ካሌንዱላ መድኃኒትነት ብዙ ተጋንኗል። እርግጡ ይህ ነው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ድርጅት የአትክልቱን ካሌንዱላ አበባ ለቀላል የቆዳ ብግነትና ለትናንሽ ቍስል፥ እንዲሁም ለአፍና ለጕሮሮ ብግነት በልማድ የሚሠራበት መሆኑን ተቀብሎታል። በ2004 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) በፈረንሣይ አገር በ254 የጡት ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራም፥ በጨረር ሕክምና ጊዜ የሚመጣውን የቆዳ መቃጠል የካሌንዱላ ቅባት ከተለመደው ቅባት ይልቅ እንደ ቀነሰው ገልጧል። ይህ ሁሉ የተባለው ስለ ኦፊሲናሊስ ነው እንጂ ከመንገድ ዳር ስለሚለቀመው አይደለም። በዚህ ነገድ አበቦች ቆዳው የሚቈጣ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይራቅ።

በገበያም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የካሌንዱላ ልሳን ደርቆ ከዛፍራን ጋር እየተቀላቀለ ይሸጥ እንደ ነበር ከጥንት ይታወቃል፤ የሱፍ አበባም እንዲሁ በዛፍራን ስም በርካሽ ይሸጣል። በሞቀ ውኃ አርሰህ ዘርጋው። ሦስት ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ ልሳን ሆኖ ከተዘረጋ ካሌንዱላ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ጫፉ በአምስት ከተሰነጠቀ ሱፍ ነው፤ ክር የመሰለና ወደ ጫፉ እንደ መለከት የሚሰፋ ከሆነ ዛፍራን ነው።

አበባ ለማጥናት ወይም ለአገር ቤት ወዳጅ ለማሳየት የሚይዝ ሰው፥ የአበባውን ራስ ብቻ ከሚቀጥፍ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ፥ ከነአበባውና ከደረሰ ፍሬው ይውሰድ። በሁለት ወረቀት መካከል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበት፤ ወረቀቱንም እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ ይለውጥ። ፍሬዎቹን ለብቻ በትንሽ ፖስታ ከትቶ፥ በላዩ ያገኘበትን ቦታ፥ ቀኑንና ወሩን፥ ተክሉ በአትክልት ውስጥ ወይም በሜዳ መሆኑን፥ የልሳኑንም ርዝመት ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ለክቶ ይጻፍበት።